አልጋው ርካሽ፣ መንገዱ ውድ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ከሚኒያፖሊስ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩን በአካል አላውቀውም፤ ቁጥሬን የሰጠው አንድ የጋራ ወዳጃችን ነው። የአክስቱ ልጅ ጋርላንድ ውስጥ ልትዳር ስለሆነ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዳላስ ሊመጣ ነው።

«ጋሼ፣ ጥሩ ሆቴል አግኝቻለሁ። ለአንድ ሌሊት 62 ዶላር ነው፤ ዳላስ ነው ይላል፤ ልክፈል?» አለኝ።

አድራሻውን እንዲያነብልኝ ለመንኩት። አነበበልኝ፤ አርሊንግተን ነው።

«ዳላስ ይላል እኮ!» አለ።

ይላል። ምን የማይል አለ? የዳላስ ካውቦይስ የሚጫወትበት ስታዲየም ራሱ ያለው አርሊንግተን ነው፤ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ 9 ጨዋታዎች ሲመደቡለትም የወጣለት ስም «ዳላስ ስታዲየም» ነው። ኤርፖርታችንም ከ1974 ጀምሮ የሁለት ከተማ ስም ተሸክሞ በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል ተንጣሏል፤ መሬቱ ከኒውዮርኩ ማንሃተን ደሴት ይሰፋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል 30 ማይል ገደማ አለ። ለአዲስ አበባ ልጅ እንዲገባው ልንገረው፦ ከፒያሳ ተነስቶ ደብረ ዘይት እንደ መድረስ ነው። እዚህ አገር «ዳላስ ነኝ» የሚል ሰው ደብረ ዘይት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አርሊንግተን መጥፎ ከተማ ሆኖ አይደለም። ልጆቹን ሲክስ ፍላግስ ሊያዝናና የሚመጣ ሰው እዚያው ቢያድር ብልህ ነው። ነገር ግን ወደ 400 ሺህ ሕዝብ ያለበት ይህ ከተማ የራሱ የከተማ ባቡርም፣ በየመንገዱ የሚዞር መደበኛ አውቶቡስም የለውም። ከ2017 መጨረሻ ወዲህ በስልክ የሚጠሩ ትናንሽ ቫኖች አሉ፤ እነሱም ከከተማው ወሰን ብዙ አይርቁም። መኪና የሌለው ቤተሰብ ከዚያ ተነስቶ ጋርላንድ ሠርግ ቤት የሚደርሰው በምንድን ነው? ለምርቃቱ፣ ለሠርጉ፣ ለመልሱ 30 ማይል መሄድ፣ 30 ማይል መመለስ። በኡበር አንዱን መንገድ በ40 ዶላር ብቻ እናስበው። የሦስቱ ቀን ደርሶ መልስ 240 ዶላር ይመጣል። ከሠርጉ ቤት አጠገብ ያለው ሆቴል ለአንድ ሌሊት 94 ዶላር ነው ብሎ ጥሎት ነበር። በ4 ሌሊት ልዩነቱ ስንት ነው? 128 ዶላር። ይህን ስነግረው ሰውዬው ዝም አለ፤ የካልኩሌተሩ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ይህን ስል ከአዋቂነት አይደለም። እኔ ራሴ የዛሬ አሥር ዓመት በነሐሴ ሙቀት ዳላስ የገባሁት በግሬይሃውንድ አውቶቡስ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝና የጋዜጣችን የመጨረሻ እትሞች ነበሩ። ይቀበለኛል የተባለው ወዳጄ ድንገት የሌሊት ፈረቃ ታዘዘ። እኔም ኩራት ይሁን ድካም፣ ታክሲ ነጂውን «ርካሽ ወዳለበት ውሰደኝ» አልኩት። ወሰደኝ። ከሃይዌይ ዳር ያለች ሞቴል፤ ከነታክሱ 51 ዶላር። ክሬዲት ካርድ ስላልነበረኝ ተቀባዩ 100 ዶላር ጥሬ ገንዘብ መያዣ ጠየቀኝ፤ ቆጥሬ ሰጠሁት። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። አዲስ እንግዳ ምን ብሎ ይጠይቃል? የክፍሉ በር የሚከፈተው በቀጥታ ወደ መኪና ማቆሚያው ነው፤ የውስጥ መቀርቀሪያው ተገንጥሎ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል። መሳቢያውን ጎትቼ በሩን ደገፍኩት፤ ፓስፖርቴንና የጥገኝነት ወረቀቴን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ሌሊቱን በሙሉ የጎረቤቴ በር ይንኳኳል። አንድ ጊዜ የእኔም ተንኳኳ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጠዋት ተቀባዩ ተቀይሯል። አዲሱ ሰው ስለ መያዣው «የማውቀው ነገር የለም» አለኝ። ወዳጄ ቤት ድረስ ለታክሲ 48 ዶላር ከፈልኩ። 51፣ 100፣ 48፤ ለ200 ዶላር አንድ ጎደለ። በዚያ ገንዘብ ያን ጊዜ ደህና ሆቴል ሁለት ሌሊት ተኝቼ፣ ቁርሴን በልቼ እወጣ ነበር።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፦ ዋጋውን ከማየትህ በፊት የምትሄድበትን ቦታ ካርታ ላይ አስቀምጥ። የወገኖቻችን ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። ምግብ ቤቱና የእንጀራ መደብሩ በግሪንቪል አቬኑና በፎረስት ሌን ዙሪያ፣ ከዚያም ወደ ሪቻርድሰንና ጋርላንድ ይዘልቃል። ሴንትራል ኤክስፕረስዌይ የሚባለው 75 ቁጥርና ኤል ቢ ጄ የሚባለው 635 በሚገናኙበት አካባቢ ያረፈ ሰው ለሁሉም ቅርብ ነው። የዳርት ቀይ መስመር ባቡር ዎልነት ሂል፣ ፎረስት ሌን፣ ኤል ቢ ጄ ሴንትራል እያለ እዚያው ያልፋል። ከትልቁ ኤርፖርት ተርሚናል ኤ የሚነሳው ኦሬንጅ መስመር ከነሐሴ 2014 ጀምሮ ይሠራል፤ መሃል ከተማ ወርዶ ወደ ቀዩ መቀየር ይቻላል። በጥቅምት 2025 ደግሞ ሲልቨር መስመር የሚባል ባቡር ከተርሚናል ቢ በአዲሰንና በሪቻርድሰን አድርጎ ወደ ፕሌኖ መሄድ ጀምሯል። ፎርት ዎርዝ የሚወርድ ሰው ከዚያው ተርሚናል ቢ ቴክስሬይልን ይያዝ። በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል የሚመላለሰው ትሪኒቲ ባቡር ግን እሑድ አይሠራም፤ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብሎ በሱ የተማመነ ሰው ጣቢያ ላይ ይቀራል። ላቭ ፊልድ ሌላ ኤርፖርት ነው። ለመሃል ከተማው ይቀርባል፤ ባቡሩ ግን ውስጡ አይገባም፣ ጣቢያ ድረስ አውቶቡስ ይያዛል።

«ከጣቢያ አጠገብ» የሚለውን ማስታወቂያም አትመኑ። በካርታ ግማሽ ማይል የሚመስለው መንገድ በእግር ሲሄዱት የእግረኛ መተላለፊያ የሌለው የሃይዌይ ዳር ሊሆን ይችላል። በሐምሌ ፀሐይ፣ ሕፃን አዝሎ፣ ሻንጣ እየጎተቱ! እዚህ በ2011 ሙቀቱ 100 ፋራናይትና ከዚያ በላይ የሆነባቸው ቀናት 71 ነበሩ። ኤሲው መሥራቱን ሳታዩ ሻንጣ አታውርዱ። ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ ለአዛውንትና ለሕፃን የጤና ጉዳይ ነው።

መኪና የምትከራዩም ብትሆኑ ሂሳቡ አያልቅም። የመሃል ከተማ ሆቴሎች መኪና ለማቆም በየሌሊቱ ያስከፍላሉ። በክፍያ መንገዶቹ ላይ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፤ ካሜራው ታርጋውን አንስቶ ሂሳቡን ለአከራዩ ይልካል፣ አከራዩም የራሱን ጨምሮ ለእናንተ ይልካል።

ወደ ክፍሉ ዋጋ እንመለስ። የቴክሳስ ግዛት በሆቴል ኪራይ ላይ 6 በመቶ ይወስዳል። የዳላስ ከተማ ከ2023 ጀምሮ 9 በመቶ ይወስዳል። 100 ዶላር የተባለው 115 ሆነ ማለት ነው፤ ትላልቆቹ ሆቴሎች ላይ ሌላ የቱሪዝም ክፍያ አለ። በፊት ደግሞ «የአገልግሎት» እያሉ መጨረሻ ላይ ብቅ የሚያደርጉት ክፍያ ነበር። ከግንቦት 2025 ጀምሮ በወጣው የፌዴራል ደንብ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያቸውን ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ደምረው ማሳየት አለባቸው፤ የመንግሥትን ታክስ ግን ለብቻ ሊያስቀምጡት ይችላሉ። ሥራ ፍለጋ መጥቶ ቤት እስኪያገኝ ሆቴል የሚቆይ ወገን ይህን ይወቅ፦ ለ30 ተከታታይ ቀናትና ከዚያ በላይ እንደሚቆይ አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳወቀ እንግዳ፣ ቀኑን እስከሞላ ድረስ፣ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ የሆቴል ታክስ አይከፍልም። ሳያሳውቅ የቆየ የመጀመሪያውን 30 ቀን ይከፍላል። አንዲት ወረቀት ናት ልዩነቷ።

መያዣውንም ነገር ልብ በሉት። ዴቢት ካርድ ስትሰጡ ሆቴሉ ከኪራዩ በላይ የተወሰነ ገንዘብ ያግዳል፤ ከወጣችሁ በኋላም ባንኩ እስኪለቀው ቀናት ይወስዳል። በኪሱ ያለችውን ሁሉ በዚያች ካርድ የያዘ ሰው ለእራት የሚሆን ያጣል። ምን ያህል እንደሚያግዱ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጥሬ ገንዘብ ከሰጣችሁ ያለ ደረሰኝ ከመስኮቱ አትነሱ።

ቀኑም ዋጋ አለው። ከ1984 ጀምሮ የቆየው የሰሜን አሜሪካ የስፖርት ፌዴሬሽናችን ውድድር በ2012 እና በ2018 ዳላስ ላይ ሲደረግ የጁላይ 4 ሰሞን ነበር። እንዲህ ባለ ሳምንት አልጋ በመጨረሻ ሰዓት መፈለግ ለመንገላታት ነው። በጥቅምት የቴክሳስና የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲዎች በስቴት ፌር ውስጥ ኮተን ቦውል ላይ ሲጋጠሙም እንደዚያው ነው። የኛን ሠርግ ቀን የሚቆርጡ ሽማግሌዎች ይህን አያዩም እንጂ!

አሁን ወደ ደኅንነቱ። ዳላስ ውስጥ የመንገድ ስም ሰምቶ ሠፈር መገመት አይቻልም። ሃሪ ሃይንስ ቡሌቫርድ በደቡብ ጫፉ ፓርክላንድ ሆስፒታልንና ትላልቅ የሕክምና ተቋማትን ይዟል፤ ወደ ሰሜን ሲወጣ ያለው ክፍል ደግሞ በሴተኛ አዳሪነት ንግድ ስሙ ለዓመታት ሲነሳ ኖሯል። አንድ መንገድ ነው። ስለዚህ በአድራሻው አካባቢ የሚኖር ሰው አጠያይቁ፤ እንግዶች የጻፉትን አስተያየት ስታነቡ ኮከቡን ትታችሁ ቅሬታውን እዩ። ስለ ቁርሱ ያማረረ አያስጨንቅም። ስለ በሩ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ መኪና መሰበር ሁለት ሦስት ሰው ከጻፈ እለፉት። በሩ ወደ ውስጥ ኮሪደር የሚከፈት ይሻላል፤ ከሌለ ሁለተኛ ፎቅ ጠይቁ። ተቀባዩ የክፍላችሁን ቁጥር ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ ከተናገረ ሌላ ክፍል መጠየቅ መብታችሁ ነው። «ከሆቴሉ ነኝ» ብሎ በሌሊት ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ስልክ ቢመጣ ዘግታችሁ ራሳችሁ ወርዳችሁ ጠይቁ።

ስለ ስልክ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። በታኅሣሥ 2013 ከዚህ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው የማርሻል ከተማ፣ አንዲት ካሪ ሀንት የምትባል እናት በሞቴል ክፍል ውስጥ በተለያት ባሏ ተገደለች። የ9 ዓመት ልጇ ከክፍሉ ስልክ 911 አራት ጊዜ ደወለች፤ አልወጣላትም። ስልኩ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 ቁጥርን ይፈልግ ነበር፤ ሕፃኗ ይህን በምን ታውቃለች? አባትየው፣ የሟቿ አባት ማለቴ ነው፣ አልተኛም። ቴክሳስ በ2015፣ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ2018 በስሟ ሕግ አወጡ፤ ከየካቲት 2020 ጀምሮ የሚገጠሙ የሆቴል ስልኮች 911ን በቀጥታ ማስደወል አለባቸው። ሕጉ ግን ከዚያ በፊት የተገጠመውን አሮጌ ስልክ ሁሉ በግድ አላስነቀለም። ክፍል ስትገቡ ስልኩ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፤ ለልጆቻችሁም አሳዩ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ከባዱ ነገር ይቀራል፤ ሆቴል መያዝ በኛ ዘንድ ስድብ ነው። አንድ ወዳጄ እናቱ ከጎንደር ሊያዩት ሲመጡ ሁለት ደባሎች ያሉበት አንድ መኝታ ቤት ነበር የሚኖረው፤ ሥራውም ሌሊት ነው። ሆቴል ቢያነሳባቸው፣ «ልጄ ቤት እያለው ሆቴል አደረች ልባል ነው? ሆቴልስ ለነጋዴ ነው!» አሉት። እውነት አላቸው። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት በካርድ የሚከፈት በር ያለው ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ማሳደር ከስድብም ይከፋል። መፍትሔው ምን ሆነ? ልጁ የአራት ቀን ፈቃድ ወስዶ ሁለት አልጋና ትንሽ ማድቤት ያለው ክፍል ያዘ፤ በአንዱ አልጋ እሱ ተኛ። እናቲቱ «እንግዲያው ቤት ተከራየሁ በል» ብለው ተስማሙ። ሦስተኛው ቀን ላይ ቡና ቆልተው እጣን ሲያጨሱ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸና ሕንፃው በሙሉ በፒጃማ ወጣ። ሆቴሎች ለጭስ የሚያስከፍሉት ቅጣት ከአንድ ሌሊት ኪራይ ሊበልጥ ይችላል፤ እሳቸውን ግን ሥራ አስኪያጇ አይታ ምራቸዋለች። የተቆላ ቡና ይዛችሁ ሂዱ።

የሚኒያፖሊሱ ወንድማችን ትናንት መልሶ ደውሏል። ባለ 94ቱን ያዘ፤ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ኮሪደሩም የውስጥ ነው። ሐሙስ በኦሬንጅ መስመር ይገባሉ። ችግሩ አክስቱ ናቸው፤ ሆቴል መያዙን ሲሰሙ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት። እስካሁን አልታረቁም።