ሞአዶኑ ሲዘጋ ስልኩ አይዘጋ



ዛሬ የምጽፈው በኪሪያት ማላኺ፣ በጌዴራና በያቭኔ ላለን ቤተሰቦች አንድ ነገር ለማሳሰብ ነው። በኮሮና ጊዜ በየሞአዶኑና በየእድሩ ስለ ተጀመረው የስልክ ዝርዝር ነው ነገሩ። ያ ዝርዝር ዛሬ በማን እጅ ነው?

በማርች 2020 ሞአዶኖች ሲዘጉ፣ ብዙ ሰው የተዘጋው የቡናና የጨዋታ ቦታ ብቻ መስሎት ነበር። ለሽማግሎቻችን ግን ሞአዶን ከዚያ በላይ ነው። ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የመጣ ደብዳቤ የሚነበበው እዚያ ነው። የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ የሚያዘው እዚያ ነው። አንድ ሰው ሁለት ቀን ከቀረ “እገሌ ምነው ጠፋ?” የሚል አይታጣም። በሩ ሲቆለፍ ይህ ሁሉ ባንዴ ቆመ። ያን ሰሞን ደግሞ ትእዛዙ በየቀኑ ይለዋወጥ ነበር። ከቤት ከመቶ ሜትር በላይ አትራቁ ተባለ፤ ቢዱድ ግቡ የሚለው መልእክት በስልክ ይመጣል። ዕብራይስጥ የማታነብ እናት ስልኩ ሲንጫረር ምን ታድርግ? መዝጋት ነው እንጂ።

ያኔ ነው እንግዲህ ሰዎቻችን ስም የተከፋፈሉት። አንድ ወጣት አምስት ሽማግሌ፣ አንዲት እናት አምስት ጎረቤት። ጧት ይደወላል፤ መድኃኒት አለ ወይ፣ እንጀራ አለ ወይ፣ ከልጆች ማን ደወለ ይባላል። የሚያስፈልገው ተገዝቶ ደጃፍ ላይ ይቀመጥና ራቅ ብሎ ይጠራል። ለእኛ ሰው ይህ ከባድ ነበር። ደጅ ድረስ የመጣን ሰው “ግባ፣ ቡና ጠጣ” ሳይሉ መስደድ ነውር ነውና።

ግን አንድ ነገር ልበል። ስለ መራቅና ስለ መታጠብ ሽማግሎቻችንን ማስተማር የፈለጉ ብዙዎች ነበሩ፤ እነሱ ግን ከማንም ቀድመው ያውቁታል። ባገር ቤት ሳለን ከሌላ ሰው ጋር ተነካክቶ የመጣ ሳይታጠብ ቤት አይገባም ነበር። ጎረቤቶቻችን “አትንኩኝ” ይሉን የነበረውም ለዚህ ነው። በመርገም ጎጆ ላለች ሴትም ምግቧ ከድንጋዩ ክብ ላይ ይቀመጥላት ነበር እንጂ በእጅ አይሰጣትም። ለእናቶቻችን ደጃፍ ላይ የተቀመጠው ምግብ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሆነው ብቻቸውን መሆናቸው ነው። ጎጆው አጠገብ መንደር ነበረ፤ በአራተኛ ፎቅ ግን ግድግዳ ብቻ ነው።

ፋሲካን እናስታውስ። አፕሪል 8 ቀን 2020 ማታ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከገዛ ቤቱ እንዳይወጣ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ስግድ ሲመጣም አብዛኛው ሕዝብ ኢየሩሳሌም መውጣት አልቻለም።

ከሁሉ የከበደው ለቅሶው ነው። ቀብር ላይ 20 ሰው ብቻ ሲባል፣ ከሃይፋና ከኔታኒያ በአውቶቡስ ለሚመጣ ዘመድ ምን ይባላል? እድር የተቋቋመው ሰው ለብቻው እንዳያለቅስ ነው። እድሮች ግን ቶሎ ዘዴ አበጁ። ምግቡ በተራ ይላክ፣ ቄሱ በስልክ ያጽናኑ፣ የሩቅ ዘመድ በስልክ ይድረስ ተባለ። ሙሾ በስልክ አይወርድም፤ እሱን አልክድም። ቢሆንም ስልኩ ያልጮኸለት ሐዘንተኛ የባሰ ተጎድቷል።

ከዲሴምበር 2020 ወዲያ ክትባት ሲመጣ፣ መጀመሪያ የተጠሩት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ናቸው። የሬካ ራዲዮ በአማርኛ ይናገር ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። ራዲዮ ግን መልሰህ ብትጠይቀው አይሰማህም። “ስኳር አለብኝ፣ ልወጋ ወይስ ልተው?” ያለች እናት የምታውቀው ድምፅ ያስፈልጋታል፤ በየቀኑ ሲደውልላት የከረመ ልጅ “ሐኪምሽን አብረን እንጠይቅ” ሲላት ትሰማዋለች።

ታዲያ ያ በሽታ አለፈ፣ ሞአዶኑ ተከፈተ፣ ዝርዝሩም ብዙ ቦታ ተረሳ። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። ጁን 13 ቀን 2025 ከኢራን ጋር ጦርነቱ ሲነሣ ፒኩድ ሃኦሬፍ ስብሰባ ከለከለ፤ ሽማግሎቻችን እንደገና ቤት ተቀመጡ። ኮሮና ላይ ሰው ከሰው ሽሽ ነበር ትእዛዙ፤ አዛካ ሲጮህ ደግሞ ወደ ሚቅላት ሩጥ ነው። ቤቱ ማማድ የሌለው፣ እግሩ የማይታዘዝለት አባት ማን እንደሆነ የሚያውቅ ያ ዝርዝር ነበር። በ2012 ኪሪያት ማላኺ ላይ ሮኬት ወድቆ ሦስት ሰው ስለገደለ፣ ይህ ለሠፈራችን ሩቅ ወሬ አይደለም።

አንዳንድ አባቶች “የእድር ገንዘብ ለሐዘን ነው፣ ለስልክና ለመላላኪያ አይነካም” ይላሉ። ሥርዓቱን መጠበቃቸው ደግ ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። አዲስ አበባ ውስጥ ኤድስ ሰውን በጨረሰ ጊዜ፣ ብዙ እድሮች ደንባቸውን ቀይረው በሕይወት ያለውን በሽተኛና ወላጅ ያጣውን ልጅ መርዳት ጀምረዋል። እድርነታቸው በዚህ አልፈረሰም። በየወሩ ከምናዋጣው ጥቂት ሼኬል ለዚህ ቢመደብ ምን ይጎድልብናል?

ሥራውን ሁሉ ወጣቶች ላይ መጣልም አያስኬድም። ወጣት ሠራዊት ይገባል፣ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። ጌዴራ ሻፒራ ሠፈር በ2005 ሐቬሪም በቴቫን የጀመሩት ወጣቶቻችን ናቸው፤ በማኅበረሰብ አትክልት ቦታ ግን ዘርና አፈር የሚያውቁት ሽማግሎቹ ናቸው። ስልኩም እንዲሁ ይሁን። አማርኛና ትግርኛ አጥርታ የምታወራ የ70 ዓመት እናት ለሌላዋ ብትደውል፣ ዕብራይስጡን ደግሞ የልጅ ልጅ ቢይዝ ይበቃል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ሳምንት ሞአዶን ስትሄዱ አስተባባሪዋን ጠይቁ፤ የእድር ዳኛችሁንም ጠይቁ። ስማችሁ አለ ወይ? ቁጥሩ የዛሬ ነው ወይስ የ2020? ማማድ እንደሌላችሁ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደምትወስዱ፣ በሌሊት የሚደወልለት ልጅ የትኛው እንደሆነ ተጽፏል ወይ? ብቻውን የሚኖር ጎረቤት ካላችሁ የሱንም ስም አስጽፉ፤ እሱ ራሱ አይጠይቅም።