ዳጋ እስጢፋኖስ፦ ተሳላሚ ወይስ ጎብኚ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በጎንደር አራዳ ተወልዶ ያደገ ሰው የዐፄ ፋሲልን ስም ሳይሰማ የሚውልበት ቀን የለም። ግንቡ በስማቸው ይጠራል፤ በከተራ ታቦታቱ የሚወርዱበት መጠመቂያ በስማቸው ይጠራል፤ የእግር ኳስ ቡድናችን እንኳ በስማቸው ይጫወታል። ሆኖም በሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምራቸውን ልጆች «ንጉሡ ያረፉት የት ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ እጃቸውን ወደ ግንቡ ይቀስራሉ። በግንቡ የሉም። ዐፅማቸው ያለው በጣና ሐይቅ መካከል፣ ከደቅ ደሴት አጠገብ በምትገኘው በትንሿ የዳጋ ደሴት፣ በሊቀ ዲያቆናት በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነው።

ይህን የማነሣው ለታሪክ ጥያቄና መልስ አይደለም። ሰሞኑን ስለ ጣና የሚነገረው ነገር ሁሉ ስለ ጉብኝት ሆኗል። በጎርጎራ በ«ገበታ ለሀገር» መርሐ ግብር ትልቅ የመዝናኛ ስፍራ ተሠርቷል። «ጣናነሽ ሁለት» የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና በየመንገዱ ሕዝብ እየተቀበላት ወደ ባሕር ዳር መጥታለች። የፋሲል አብያተ መንግሥት ታድሰዋል። በሌላ በኩል በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልላችን የቀጠለው ግጭት ወደ ደሴቶቹ የሚሄደውን ሰው እጅግ አሳንሰውታል። እንግዲህ ገዳማቱ በአንድ ወገን እንግዳ አጥተዋል፤ በሌላ ወገን ብዙ እንግዳ እየተዘጋጀላቸው ነው። በእኔ አመለካከት ቤተ ክርስቲያን ቤቷን የምታሰናዳበት ጊዜ ይህ ጸጥታ ያለበት መካከለኛ ጊዜ ነው፤ ጀልባው ሞልቶ መምጣት ከጀመረ በኋላ የሚወጣ ሥርዓት ሥርዓት ሳይሆን ክርክር ይሆናል።

ከአዘዞ እስከ ዳጋ

ከጎንደር ወደ ዳጋ የሚጓዝ ሰው ሳያስተውለው በአንድ አባትና በአንድ ልጅ ታሪክ ላይ ይራመዳል። ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ አስቀድሞ የሚያገኘው አዘዞን ነው። በዚያ፣ በገነተ ኢየሱስ፣ ዐፄ ሱስንዮስ ተቀብረዋል። ከአዘዞ የደምቢያን ሜዳ በቆላ ድባ በኩል አቋርጦ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲርቅ ደግሞ ጎርጎራ ይደርሳል። ጎርጎራ የዐፄ ሱስንዮስ መናገሻ ነበረ። ንጉሡን ወደ ካቶሊክ እምነት የሳባቸው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1622 እ.ኤ.አ. የሞተውም እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ንጉሡ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት በአዋጅ ሊለውጡ ተነሡ፤ ካህናት፣ መነኮሳትና ባላገሩ እምቢ አሉ፤ የወንድማማች ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. የቀደመችው ሃይማኖት ትመለስ ብለው ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ፤ በ1660 ዓ.ም. ዐረፉ። አባት በየብስ፣ በአዘዞ፤ ልጅ በባሕር መካከል፣ በዳጋ።

በዳጋ ብቻቸውን አይደሉም። ዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ዐፄ ዘድንግልም በዚያ ናቸው። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክ ናቸው። ደሴቲቱ ከሐይቁ በላይ እንደ ጉብታ የቆመች፣ በአገር በቀል ዛፍ የተሸፈነች ስትሆን ቤተ ክርስቲያኑ ያለው በዐናቷ ላይ ነው፤ ከወደቡ እስከዚያ የሚወስደው ዳገት በጫካ ጥላ ውስጥ ያልፋል። በዕቃ ቤቱ ከነገሥታቱ ዐፅም ጋር ዘውድ፣ አልባሳት፣ የብራና መጻሕፍት አሉ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሣለው የእመቤታችን ሥዕልም የገዳሙ ሀብት ነው። የግራኝ ጦር በየብስ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል፣ በኋላም በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያነድድ፣ በከተማው የነበረው ብዙው ጠፋ፤ በባሕር የተከበበው ግን ተረፈ። ስለዚህ የጎንደርን ታሪክ በጎንደር ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ያጣዋል።

የተፈጥሮው ነገር ከዚህ የሚነጠል አይደለም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። በሌላ ዓለም የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉት። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ነገር ግን በዙሪያው ያለው መሬት ሁሉ ታርሶ ሲያበቃ የድሮው ደን ቆሞ የሚታየው በገዳማቱ ቅጥር ነው። ዛፉን ያቆየው ግዝት ነው፤ ግዝቱን ያቆየው መነኮሱ ነው። ጎብኚ የሚያደንቀው ዛፍ፣ ተሳላሚ የሚያከብረው ሥርዓት ፍሬ መሆኑን በጀልባው ላይ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

እኛ ራሳችን እንዴት ሄድን?

ከዓመታት በፊት ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ወደ ደሴቶቹ ሄጄ ነበር። ያን ጊዜ በጉዞው እጅግ ተደስቼ ተመለስሁ፤ አሁን ሳስበው ግን የማፍርበት ነገር አለ። አንድ አረጋዊ አባት የብራና መጽሐፍ አውጥተው በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲያሳዩን ዐሥራ አምስት ስልክ በአንድ ጊዜ ወጣ። መብራቱ በሐረጉ ላይ ብልጭ ድርግም ሲል ማንም «ይጎዳዋል» አላለም። እኔም ከጀልባው በወረድሁበት እርጥብ እጄ ገጹን ነካሁት፤ ለበረከት ብዬ። አባታችን አንድ ቃል አልተናገሩም፤ መጽሐፉን ቀስ ብለው ከድነው በጨርቁ ጠቀለሉት። በዚያ ቀን በመካከላችን የውጭ አገር ሰው አልነበረም። ስለዚህ «ቱሪስት ገዳማቱን አረከሰ» የሚለውን ወቀሳ ስሰማ ከሌላው በፊት ራሴን አስባለሁ።

ከባዱ ጥያቄ ግን ከመጽሐፉም ያልፋል። የዐፄ ፋሲል በድን በመስታወት ውስጥ ይታያል። ከመስታወቱ ፊት የሚቆም ሰው ምን እያደረገ ነው? የሚጸልይ ነው ወይስ የሚመለከት? በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ያረፈ ክርስቲያን፣ ንጉሥም ይሁን ባላገር፣ ጸሎተ ፍትሐት የሚደረስለት፣ ትንሣኤን የሚጠብቅ ወንድማችን ነው፤ የሙዚየም ዕቃ አይደለም። በሌላ ወገን ዕቃ ቤቱ ፈጽሞ ይዘጋ ማለትም ቀላል አይደለም። ከጎብኚ የሚገኘው የመግቢያ ገንዘብ ለብዙ የጣና ገዳም ከእርሻውና ከምእመናን መባ ቀጥሎ የሚመጣ መተዳደሪያ ነው። ጎብኚው የጠፋባቸው እነዚህ ዓመታት ይህን በግልጽ አሳይተውናል። ገዳምን ከጎብኚ ገንዘብ ነጻ አውጣ የሚል ሰው በቅድሚያ የራሱን ዓሥራት ወደዚያ መላክ አለበት፤ ይህን የምለው በጎንደር ያለን ምእመናን ለከተማችን አድባራት የምናደርገውን ያህል ለደሴቶቹ እንደማናደርግ ስለማውቅ ነው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ዕቃ ቤቱ ይታይ፤ የነገሥታቱ ዐፅም ያለበት ግን መጋረጃ ይጋረድለት፤ በዚያም ፊት ፎቶ ማንሣት ይቅር፤ የሚገባ ሁሉ፣ እምነቱ ሌላ ቢሆንም፣ ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ እንዲቆም ይጠየቅ። መጋረጃ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። መቅደሳችን ሁሉ በመጋረጃ ነው የሚከበረው።

ከአቶስ ተራራ የምንማረው

በግሪክ የሚገኘው የአቶስ ተራራ 20 ገዳማት ያሉበት የመነኮሳት አገር ነው። እንደ ዳጋ ሴት አትገባበትም፤ እንደ ዳጋ በጀልባ ይደረስበታል። በቀኖና ከእነርሱ ጋር ባንገናኝም እንግዳ የሚቀበሉበት ሥርዓት ግን ሊታይ የሚገባው ነው። ማንም ሰው ቲኬት ቆርጦ ብቻ አይሄድም። አስቀድሞ በቴሳሎንቄ ለሚገኘው የተሳላሚዎች ቢሮ ያመለክታል፤ ቢሮው በቀን የሚገቡትን በቁጥር ወስኖ፣ ኦርቶዶክሳውያኑን 100፣ ሌሎቹን 10 አድርጎ፣ የፈቃድ ወረቀት ይሰጣል። ያንን ያልያዘ ሰው ጀልባ አይሳፈርም። በዚህ ምክንያት በሩን የሚጠብቁት ገዳማቱ ራሳቸው ናቸው እንጂ የጀልባው ባለቤት ወይም የሆቴሉ አስጎብኚ አይደለም።

በጣናስ? ሐይቁ በአንድ ሀገረ ስብከት ሥር አይደለም፤ ሰሜኑ ወደ ጎንደር፣ ደቡቡ ወደ ባሕር ዳር ያዘነብላል፤ አንዱ ብቻውን ሊወስን አይችልም። ስለዚህ አህጉረ ስብከቱ ከገዳማቱ አበምኔቶች ጋር በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው፣ ቅዱስ ሲኖዶስ የሚያጸናው አንድ የጉዞ ሥርዓት ሊያወጡ ይገባል። በጎርጎራና በባሕር ዳር ወደቦች አንዳንድ የተሳላሚ መቀበያ ክፍል ቢኖር፣ አንድ መዝገብ የሚይዝ አገልጋይ ቢቀመጥ፣ ብዙው ነገር በዚያው ይጠናቀቃል። የአለባበሱ፣ የስልኩ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱ ነገር በወደቡ ላይ ይነገራል። እኅቶቻችን ወደ ዳጋ እንደማይገቡ ከሰዓታት የጀልባ ጉዞ በኋላ በደሴቲቱ ዳርቻ ሳይሆን ገና ከየብስ ሳይነሡ ያውቃሉ። ጉዞውም በእነርሱ መጠን ይሰናዳል፤ በደቅ ምዕራባዊ ጫፍ ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት የጎንደሯ እቴጌ ምንትዋብ ናቸውና። በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል እስከ ዛሬ በዚያ አለ። ቁስቋምን የሚያውቅ የጎንደር ሰው ናርጋ ሲደርስ ወደ ቤቱ የገባ ይመስለዋል።

ስለ መጻሕፍቱ አንድ ነገር ልጨምር። የግእዝ መጻሕፍት ተመራማሪው ኤርነስት ሐመርሽሚት በ1968 እ.ኤ.አ. የጣና ገዳማትን መጻሕፍት ፎቶ አንሥተው ዝርዝራቸውን በጀርመን አሳትመዋል። በጎ ሥራ ነው፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን ዕቃ ቤት ጠባቂው መነኮስ ጀርመንኛ አያነብም። የሚያስፈልገው በአማርኛ የተጻፈ፣ በየዓመቱ እያንዳንዱ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት የሚቆጠርበት፣ አንዱ ቅጂ በገዳሙ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ፣ አንዱ በመንበረ ፓትርያርክ የሚቀመጥ መዝገብ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ የያዘ ሁሉ እንዲያስመዘግብ ያዛል። ብዙ እንግዳ በሚገባበት ቤት ያልተቆጠረ ዕቃ መጥፋቱ እንኳ አይታወቅም።

ሐይቁ ራሱ ሳይኖር ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይበልጥ የተጎዳው ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ የእኛ ደምቢያ ነው። ከጎንደርና ከሌላውም ቦታ በአውቶቡስ እየሄድን በእጃችን የነቀልንበትን ጊዜ ብዙዎቻችን አንረሳውም። ከዚያ በኋላ ዘመቻው ቀዘቀዘ፤ አረሙ ግን አልቀዘቀዘም። ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ውጦ፣ የአጥማጁን መረብ ዘግቶ፣ በነፋስ እየተገፋ ይዞራል። በጎርጎራ ከሚያርፈው እንግዳ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ለዚህ የሚውል ድርሻ ይመደብ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን መጠየቅ ትችላለች፤ መጠየቅም አለባት፤ የደሴቶቹ ባለቤት ናትና።

ጥቅምት 17 የቅዱስ እስጢፋኖስ ሲመተ ዲቁና ነው። ዲያቆን ለሆንን ሁሉ የአለቃችን በዓል ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን በዚያ በዓል የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹን ወደ ዳጋ ልወስዳቸው ቃል ገብቼላቸዋለሁ፤ ከአዘዞ ጀምረን፣ በገነተ ኢየሱስ ጸልየን፣ በጎርጎራ በኩል። ስልካቸውን ቤት ትተው እንዲመጡ ከአሁኑ ነግሬአቸዋለሁ፤ ያጉረመረሙ አሉ። ሴቶቹ ልጆች ናርጋ ላይ ሲቆዩ የሚያስተናግዳቸው ማን እንደሆነ ጠይቀውኛል። በወደቡ ላይ የምጠይቀው ሰው ስለሌለ እስካሁን አልመለስሁላቸውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።