ስለ ጓሳ ሣርና ስለ ኮንዶሚኒየም መብራት

የመንዝ ሰው ስለ ጋራ ንብረት ሲጨዋወት፣ ወሬው ከየትም ይነሣ ከየት፣ ውሎ አድሮ ወደ ጋራ የሣር ደጋችን፣ ወደ ጓሳ፣ ሳይደርስ አይቀርም። እኔም የዚያ ደጋ ልጅ እንደ መሆኔ፣ ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት በአዲስ አበባ የጋራ ሕንፃዎች ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ስለ ማድረግ ሆኖ ሳለ ብዕሬ ደጋግሞ ወደ ጓሳ ቢያዘነብል፣ አንባቢ የአገር ናፍቆት ብቻ አድርጎ እንዳይቆጥርብኝ እለምናለሁ።

ነገሩን ያስነሣው አንድ ሽቦ ነው። በምኖርበት ሕንፃ ከሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ተነሥቶ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ተሻግሮ፣ በሁለተኛው ፎቅ ጎረቤት የዲሽ ሳህን ላይ አንድ ዙር ተጠምጥሞ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚወርድ ጥቁር ማራዘሚያ አለ፤ በጫፉም ላይ፣ አያቶቻችን በቅሏቸውን ከደጅ ካስማ ጋር አስረው እንደሚያሳድሩ፣ አንዲት ነጭ የቻይና መኪና በየማታው ታስራ ታድራለች። በበጋ ይህ ከማሳቅ ያለፈ አልነበረም። ክረምት ገብቶ መጋጠሚያው በፌስታል ተጠቅልሎ ከኩሬ ዳር ሲያድር ባየሁ ጊዜ ግን፣ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት በዚያው ቦታ ነውና፣ ሣቄ ጠፋ።

አንድ ምሽት በምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ምጣዳቸውን አሙቀው ሁለተኛውን እንጀራ ሊያወጡ ሲሉ፣ የደረጃችን ዋና ብሬከር ወደቀና ሁላችንም በጨለማ ተዋጥን። እትዬ ሊጥ በነካ እጃቸው ወጥተው የመኪናውን ባለቤት ከደጅ አገኙት። «ልጄ፣ አንተ መኪናህን አበላህ፤ እኔ ለልጅ ልጆቼ ምን ላብላ?» አሉት። እርሱም ጨዋ ሰው ነውና አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ ቆጣሪው የራሴ ነው፤ ካርዱን የምሞላው ከደመወዜ ነው፤ የማንንም መብራት አልሰረቅሁም» ሲል መለሰላቸው። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ለጎረቤት ሰላም ስል ትቼዋለሁ።

ከሁለቱ ማንኛቸውም አልዋሹም፤ ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መብራት በእርግጥ የግል ነው፤ የተለካ፣ ዋጋው የተከፈለበት፣ ባለቤቱ እንደ ገዛ ጤፉ የሚያዝበት ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ግን፣ ከመንገዱ ዳር ከቆመው ትራንስፎርመር ተነሥቶ በግድግዳው ውስጥ እስከየቤቱ የሚወጣው ወፍራም ገመድና እርሱን የሚጠብቀው ብሬከር፣ የሁሉ ነው፤ ልኩም የተወሰነ ስለሆነ፣ አንዱ አብዝቶ ሲስብ ሌላውን የሚያሳጣው ገንዘቡን ሳይሆን ተራውን ነው። እነዚህ ሕንፃዎች በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ ከተደረገው ሙከራ አንሥቶ፣ በጀሞ፣ በጎተራ፣ በአያት፣ በየካ አባዶና በኮዬ ፈጬ ሲሠሩ፣ መሐንዲሱ ያሰበው ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥን፣ ለማቀዝቀዣ፣ ቢበዛም ለምጣድ ነበር፤ መኪና ከግድግዳ ሶኬት ይጠባል ብሎ በሕልሙም ያየ አልነበረምና ሊወቀስ አይገባም።

ምጣድን ካነሣን ዘንድ በምጣድ እንለካ። የእንጀራ ምጣድ ሲግል ሦስት ተኩል ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ነገር ግን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ያውም ለአንድና ለሁለት ሰዓት ነው። በግድግዳ ላይ የሚገጠመው የተለመደው የመኪና ቻርጀር ግን 7 ኪሎዋት ይስባል፤ ይህም ሁለት ምጣድ ጎን ለጎን ተጥዶ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ማደር ነው። በተራ ሶኬት፣ በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የሚሞላ ሰው የሚያገኘው 2.2 ኪሎዋት ብቻ ስለሆነ፣ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶውን ቢመጣበት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ይህን ያህል ጊዜ ያለ ዕረፍት ጭነት እንዲሸከም ያልተሠራ ቀጭን ማራዘሚያም፣ በተለይ እንደ ተጠቀለለ የተተወ እንደ ሆነ፣ ይግላል፣ መጋጠሚያው ይቀልጣል፣ የቀረውን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይንገሩን።

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይዝንና ሱር ታክስን አነሣ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አስታወቁ፤ ከዚያም ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎቹ ቁጥር ከ100 ሺህ በላይ መድረሱ በይፋ ተነግሯል። የውሳኔውን መንፈስ እኔ አልቃወምም። አገራችን ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች፣ መብራቱን ግን ከዝናሟ ታወጣለች፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። (ከጓሳ ረግረግ የሚመነጨው ውሃ ከፊሉ በጀማ በኩል ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላልና፣ እኛ መንዞች ከግድቡ ብርሃን ጥቂት ድርሻ አለን ብል ትምክህት አይሁንብኝ።) ሆኖም ግድቡ ጉባ፣ መኪናው ጀሞ ነው፤ በመካከላቸው ካለው ረጅም መንገድ ሁሉ የመጨረሻዋን ሃምሳ ሜትር ሽቦ የሚገዛ፣ በጽሑፍ የሰፈረ ሥርዓት እኔ በምኖርበት ግቢም ሆነ በማውቃቸው ግቢዎች አላየሁም።

እንግዲህ ወደ ጓሳ። ጓሳ በመንዝ ጌራ ምድር፣ ወደ አፋር በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ የተዘረጋ ውርጫም ደጋ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከሚያበቅለው ጠንካራ ሣር ነው። ሣሩ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ለዝናም ገሳ፣ ለእረኛ ጅራፍ ነው፤ በድርቅ ዘመን ደግሞ የከብት ነፍስ ማቆያ ነው። እንዲህ ያለ በረከት በመካከል ተቀምጦ ሁሉም እንደ ወደደ ቢያጭደው፣ ደጋው ባጭር ጊዜ ራሰ በራ እንደሚሆን ለማወቅ ሀብተ ትንቢት አያሻም። ስለዚህም አበው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከሁለቱ አቅኚ አባቶች ከአስቦና ከጌራ ዘመን ጀምሮ፣ ቄሮ የሚባል ሥርዓት አቆሙለት (ስሙ በቅርብ ዓመታት በሌላ ትርጉም ከሰማነው ጋር ቢመሳሰል ቅሉ ነገሩ ሌላ ነው)። ከአስቦ ወገን አንድ፣ ከጌራ ወገን አንድ አባ ቄራ የሚባል አለቃ በምርጫ ይሾም ነበር፤ ጓሳው በየደብሩ ተከፍሎ ጠባቂ ይመደብለት፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጋ፤ ሣሩ መድረሱን ሽማግሎች አይተው ሲመሰክሩ በበጋ ይከፈት፤ በመጀመሪያ ሣር ይታጨድ፣ ቀጥሎ ከብት ይገባ፣ ክረምቱ ሲከብድም እስከ ሐምሌ 5፣ ማለትም እስከ ጾመ ሐዋርያት ፍቺ ድረስ፣ ሰውም ከብትም ጠቅልሎ ይወጣ ነበር። በተዘጋበት ወራት ማጭድ ይዞ የተገኘ፣ ወይም የጥበቃ ተራው ደርሶ የቀረ ሰው፣ የሚያገኘው ቅጣት የዋዛ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ አንድ ነገር ነው፤ አበው «ሣሩ የማን ነው?» በሚለው ሙግት ዕድሜያቸውን ሳይጨርሱ፣ «መቼ፣ ምን ያህል፣ በማን ተራ?» ወደሚለው ጥያቄ ፈጥነው ተሻገሩ። እትዬና ባለመኪናው በዚያች ምሽት የተከራከሩት በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው፤ እስከ ምጽአት ቢከራከሩም አይረታቱም።

ለርትዕ ስል የቄሮንም ጉድለት ልናገር። ሥርዓቱ የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ለሚል ርስተኛ እንጂ ርስት ለሌለው እጁን አልዘረጋም፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣም ከርስት ጋር አብሮ ወደቀ። ችግሩ አሮጌው መሻሩ አይደለም፤ በተሻረው ፈንታ አዲስ ስላልቆመ፣ ቀድሞ የተፈቀደለትም የተከለከለውም ማጭዱን ይዞ ወጣ፣ ሣሩም ተመናመነ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰ፤ የክልሉ መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አጸናው፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እስከ ዛሬ የተረፉት በዚህ ነው። ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ የማየው ያን የ1967 ዓ.ም. ማግሥት ነው፤ ማጭዱ ቻርጀር ሆነ እንጂ።

እስቲ ቄሮን በትራንስፎርመሩ ላይ እንሞክረው። በአንድ ግቢ 30 የኤሌክትሪክ መኪና አለ እንበል። ባለቤቶቹ ከሥራ ገብተው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ምጣዱም ምድጃውም ቴሌቪዥኑም በሚሠራበት ሰዓት፣ ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀራቸውን ባንድ ጊዜ ቢሰኩ 210 ኪሎዋት ይጠይቃሉ፤ ይህም 315 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚባለው ትራንስፎርመር ከሚችለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ለብቻቸው መውሰድ ነው። ነገር ግን በከተማ ውስጥ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚመላለስ መኪና የሚፈጀው 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሠላሳው በአንድነት 240 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባሉት 8 ሰዓታት ላይ በተራ ቢደለደል 30 ኪሎዋት ብቻ ነው፣ ዘጠኝ ምጣድ እንኳ አይሞላም። መኪናው ያው፣ ሽቦው ያው፣ ትራንስፎርመሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ተራው ብቻ ነው።

ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበሩ ከመካከሉ አባ ቄራ ይምረጥ፤ ከተቻለ የኤሌክትሪክ ሙያ ያለው ሰው ይሁን። በመኪና ማቆሚያው ላይ በማኅበሩ ስም የተለየ ቆጣሪ ይግባ፤ ገመዱ በመሬት ውስጥ በቧንቧ ይሂድ፤ እያንዳንዱ መሰኪያ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ንዑስ ቆጣሪና የመሬት መስመር ይኑረው፤ ከበረንዳ የሚወርድ ሽቦም ከዚያ ቀን ጀምሮ ውግዝ ይሁን። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከቀኑ ቀደም ብሎ ተራውን ይጠይቅ፤ በተለይ ወደ መንዝ የሚወጣ ሰው፣ ከደብረ ብርሃን በኋላ ብርዱ ራሱ የባትሪውን ጉልበት ይቀንስበታልና፣ ሙሉ አድርጎ መነሣት ይገባዋል። (ዳገቱ የበላውን ቁልቁለቱ በከፊል ይመልሳል፤ እነዚህ መኪናዎች ሲወርዱ ባትሪያቸውን መልሰው ይሞላሉ፤ በቅሎ ይህን አታውቅም ነበር።)

ወጪውን ማን ይሸከም? በዚህ ላይ ፍርዴ ጠንካራ ነው። ኮንዶሚኒየም ከሚኖረው ሕዝብ ብዙው መኪና የለውም፤ የደረጃ አምፖሉና የውሃ መግፊያ ሞተሩ የሚሠሩበትን የጋራ ቆጣሪ ለመኪና መክፈት፣ በታክሲ የምትሄደውን መምህርት የባለመኪናውን ነዳጅ ከፋይ ማድረግ ነው፤ ያውም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ታሪፉ በሚያድግበት አገር። መሠረቱን ዛሬ መኪና ያላቸው ያውጡ፤ ነገ መኪና የሚገዛም የመግቢያ ድርሻውን ከፍሎ ይጨመር፤ እንደ ቄሮ ግን በዘር አይዘጋበት። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበሩ የጋራ ይዞታውን እንዲያስተዳድር ሥልጣን ሰጥቶታልና፣ አዲስ ሕግ አለመውጣቱ እጅን አጣጥፎ ለመቀመጥ ምክንያት አይሆንም።

ውጭ አገርም ይህ ጭቅጭቅ ነበር። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ጀርመን በ2020 መጨረሻ፣ የጋራ ሕንፃ ነዋሪ ቻርጀር የማስገጠም መብት እንዳለው በሕግ ደነገጉ፤ በጀርመን ማኅበሩ እንዴት እንደሚገጠም ይወስናል፣ ወጪውን ጠያቂው ይከፍላል። እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ አንድ አንቀጽ ቢጨመር ብዙ በረንዳ ከሽቦ ይገላገል ነበር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትም ማኅበራት ለመኪና ማቆሚያ የተለየ ቆጣሪ ሲጠይቁ እንደ ንግድ ድርጅት ሳይሆን እንደ ነዋሪ እንዲያያቸው እማጸናለሁ፤ የከተማው አስተዳደርም አዲስ ለሚሠራ ሕንፃ ፈቃድ ሲሰጥ ባዶ ቧንቧ እስከ መኪና ማቆሚያው እንዲቀበር ያስገድድ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ቧንቧ መቅበር ርካሽ ነው፤ በኋላ ወለል መቆፈር ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል።

አንዳንዶች «ወደ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ይሂዱ» ይላሉ። ኢትዮ ቴሌኮም ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የከፈታቸው ፈጣን ጣቢያዎች ለቸኮለ ሰው ደግ ናቸው፤ ነገር ግን መኪና አብዛኛውን ዕድሜዋን የምታሳልፈው ከቤት ደጅ ቆማ ነውና፣ ሌሊት ቀስ ብሎ መሙላት ለባትሪውም ለመስመሩም ይሻላል።

እትዬና ባለመኪናው ከዚያች ምሽት ወዲህ ታርቀዋል፤ ሽቦው ግን አሁንም ከሦስተኛው ፎቅ ተንጠልጥሏል። የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ክረምት ሳይገባ ይሰበሰባል ተብሏል። የእናንተም ማኅበር የሚሰበሰብ እንደ ሆነ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ በአጀንዳው ራስ ላይ በመጀመሪያ በግቢያችሁ ያሉትን መኪናዎች ቁጥር፣ ቀጥሎም ምጣድ የሚጣድበትን ሰዓት ጻፉ።