የሚጠፉትን ቋንቋዎች ድምፅ ስለ መቅዳት

የዜማ ተማሪ ድጓውን ከነምልክቱ ይዞ ያለ መምህር ብቻውን ቢቀመጥ ዜማውን ሊያወጣው አይችልም። ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይነገራል፤ ነገር ግን ምልክት አስቀድሞ ከመምህር አፍ ለሰማ ሰው ማስታወሻ ይሆናል እንጂ ላልሰማ ሰው ድምፅ አይሆንለትም። ይህን ከካህናት ወገን የማያውቅ የለም። በኢትዮጵያ ውስጥ ሊጠፉ ስለ ተቃረቡት ቋንቋዎች ሲታሰብም ይኸው ነገር መታወስ ይገባዋል።

ጋፋት በዐባይ ዳር ይነገር የነበረ፣ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋራ በዘር የሚገናኝ ቋንቋ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ወደ አገሩ ወሰደ፤ ጽሑፉም ዛሬ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1947 ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ቋንቋውን ፍለጋ ወደ ስፍራው ቢሄድ፣ የሚናገሩት ሆነው ያገኛቸው አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከነርሱም የሰበሰበውን በ1956 በመጽሐፍ አሳተመ። የጋፋት ሰዋስው በዚህ ሰው ትጋት ተርፏል፤ ምስጋናም ይገባዋል። ይሁን እንጂ የጋፋት እናት ልጅዋን ስትጠራ፣ ገበሬውም በሬዎቹን እየነዳ ሲያዜም ድምፁ ምን ይመስል እንደ ነበረ መጽሐፉን ገልጦ የሚያገኝ የለም።

ከዚህ የከፋም አለ። በጣና ዳር በደንገል ታንኳ ሥራ የታወቀው የወይጦ ሕዝብ ቀድሞ የራሱ ቋንቋ ነበረው ይባላል፤ ሊቃውንት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሊጠይቁ በደረሱ ጊዜ ግን ሕዝቡ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ቆያቸው። ዛሬ ቋንቋው ከየትኛው ወገን እንደ ነበረ ቈርጦ ለመናገር የሚያበቃ ቃል አልቀረም።

አንዳንድ ሹማምንት ግን የአንድ ትንሽ ቋንቋ መጥፋት ለአገር አንድነት ይበጃል ብለው ሲያስቡ ይሰማሉ። ይህ አሳብ የተሳሳተ ነው። አማርኛ በጋፋት መጥፋት ያገኘው ትርፍ የለም፤ ይልቁንም ስለ ራሱ አመጣጥ የሚመሰክርለትን የቅርብ ዘመድ አጣ።

ድምፅን በመኪና መቅዳት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ቃልዋን በፎኖግራፍ ቀድታ ላከች፤ ቃሉም ከተሰማ በኋላ በራስዋ ፈቃድ እንዲጠፋ ተደረገ። በ1899 የተቀዳው የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ድምፅ ግን ባለቤቶቹ ካለፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ ይደመጣል። ያን ጊዜ ለነገሥታት ብቻ የተቻለው ነገር ዛሬ የተማሪ ልጅ በኪሱ በሚይዘው ስልክ ይፈጸማል። እንግዲህ መሣሪያ የለም ብሎ ማመካኘት አይቻልም።

ጊዜው ግን ጠባብ ነው። በ1994 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ቅማንት ነን ያሉት ከ172 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ ቅማንትኛን የአፍ መፍቻ ያደረጉት 1,625 ብቻ ነበሩ። በደቡብ ኦሞ በወይጦ ወንዝ ዳር (ወንዙና የጣናው ሕዝብ የሚገናኙት በስም ብቻ ነው) የሚኖረው የኦንጎታ ሕዝብም ቋንቋውን ትቶ የጎረቤቱን የጸማይን ቋንቋ ይዟል፤ የአባቶቹ ቋንቋ የቀረው በጥቂት ሽማግሌዎች አፍ ነው።

ሊቀዳ የሚገባውም ቃልና ተረት ብቻ አይደለም፤ ሙሾውና ምርቃቱ፣ እረኛ ከብት የሚጠራበት ድምፅ፣ ከዚህም ጋራ የዱሩ ድምፅ ነው። ወፍ ብዙ ጊዜ ስሙን የሚያገኘው ከጩኸቱ ነውና፤ ቆቅና ቁራ የሚሉት ስሞች ራሳቸው ይህን ይመስላሉ። ሽማግሌው የወፉን ስም ሲናገር የወፉም ድምፅ አብሮ ካልተቀዳ፣ ዱሩ በተመነጠረ ጊዜ ስሙ ትርጓሜ ያጣል። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ጥንታዊ ደን በብዙ ስፍራ የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ነው፤ ቅዱስ ያሬድ ዜማን ከሦስት አዕዋፍ እንደ ሰማ የሚያስተምሩት ካህናት በዚያ ቅጽር ማለዳ የሚሰማውን የወፎች ድምፅ ቢያስቀዱ ከትምህርታቸው ጋራ ይስማማል።

የወረዳ ሹም ሊያደርገው የሚችለው ነገር ብዙ ወጪ የለበትም። ቋንቋውን የሚያውቁትን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ስም ይመዝግብ፤ ከዚያው አገር የተወለደ፣ ፊደል የቈጠረ ወጣት ፈልጎ ሥራውን ይስጠው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሽማግሌውን ሲጠይቀው የሚመልስለት በአጭሩ ነው፤ የልጅ ልጁ ሲጠይቀው ግን ያጫውተዋል። የተናጋሪው ስም፣ ቀኑና ስፍራው ይጻፍ፤ ይህ ያልተጻፈበት ቅጂ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማን እንደ ተናገረው የማይታወቅ ድምፅ ይሆናል። ሽማግሌው አይሰማብኝ ያለው ነገር ቢኖር ቃሉ ይከበርለት። ከቅጂውም አንዱ በመንግሥት ቤተ መዛግብት፣ አንዱ በዚያው ቀበሌ ትምህርት ቤት ይቀመጥ፤ የብሩስን ጽሑፍ ለማየት ኦክስፎርድ መሄድ ግድ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የኦንጎታ ልጅ የአያቱን ድምፅ ለመስማት ባሕር መሻገር አይገባውም።