ከሄርማታ የተሰጠኝ መልስ

የዕረፍት ቀን ሲገኝ አብዛኞቻችን እጩ መምህራን የምናደርገው የታወቀ ነው። አንዱ እስከ ረፋድ ይተኛል፣ ሌላው ልብሱን ያጥባል፣ የቀረው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። እኔም ከዚሁ የተለየሁ አልነበርኩም። ከፈተና በኋላ የተሰጠን ዕረፍት ሐሙስ ላይ ሲውል ግን፣ የክፍላችን ልጆች ሽንኩርት ግዙ ብለው ያዋጡልንን አንድ ባለ 200 ብር ኖት ይዘን ከጓደኛዬ ጋር ወደ ሄርማታ ገበያ ወረድን። የሚያስቸኩለን ደወል ስላልነበረ መጀመሪያ ከአንዲት እናት ዘንድ የጀበና ቡና ጠጣን፤ ከዚያ እየዞርን ማየት ጀመርን።

ለመሆኑ ሄርማታን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? የዛሬው ከተማ ሳይስፋፋ ገበያው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ከላይ ጅሬን ኮረብታ ላይ ሲኖሩ፣ ከታች ሄርማታ በየሐሙሱ ይቆም ነበር። የሩቅ አገር ነጋዴ ቡናና ማር፣ ኮረሪማና ዝባድ ይገበይበታል፤ ገንዘቡም አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ነበር። በዚያ ዘመን ሰውም እንደ ዕቃ ተሸጦበታል። ታሪክ የምናስተምር ከሆነ ይህንንም መደበቅ የለብንም።

ዛሬም ሄርማታ ሲገቡ ቀድሞ የሚቀበልዎት የኮረሪማና የጥምዝ ሽታ ነው። ቅቤው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ቡላው፣ ጎደሬው፣ ሙዙ ተደርድሮ ይታያል። እኔን የገረመኝ ግን ልኩ ነው። በርበሬው በጣሳ፣ ጎመኑ በእስር፣ ሽንኩርቱ በመደብ ይሸጣል። አንድ ቡና ነጋዴ አባባ ደግሞ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ነገሩን። እኔ ልኬት ሳስተምር በትምህርት ዕቅዴ ላይ የጻፍኩት ግራምና ኪሎግራም ብቻ ነበር። ታዲያ ልጆቹ ቤታቸው የሚያውቁትን ጣሳ ምን በላው?

ዋናው ነገር የመጣው ሽንኩርት ተራ ስንደርስ ነው። «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል በማስተማር ልምምድ ላይ ካስተማርኳቸው የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዷ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ትምህርቷ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት እናቷን ታግዛለች። ወዲያው ትዝ አለኝና አፈርኩ። ይህችን ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሜ ከ200 ላይ ቀንሺ ብያት ነበር። ከዜሮ ላይ መበደር ሲያቅታት ዝም አለች። እኔም «ተቀመጪ፣ አጥንተሽ ነይ» አልኳት። ልጆቹ ሳቁባት፤ እኔም አላስቆምኳቸውም።

«ስንት መደብ ላድርግ?» አለችኝ። ሦስት መደብ ሽንኩርት በ25፣ አንድ መደብ ነጭ ሽንኩርት በ40 ብር ወሰድን። ኖቷን ሰጠኋት። እኔ ገና በልቤ ስደምር እሷ «115» ብላ መልስ መቁጠር ጀመረች። 5 ብር እጄ ላይ አድርጋ «120»፣ ሦስት አስር ብር ጨምራ «150»፣ አንድ ሃምሳ ብር ደርባ «200፣ ጨረስን» አለች። በዚህ መካከል አንዲት ገዢ «ሜቃ?» ብላ ብትጠይቃት በኦሮምኛ ዋጋውን ነገረቻት፤ ለኔ ደግሞ በአማርኛ ምርቃት አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ጨመረችልኝ።

እንግዲህ ሰነፉ ማን ነበር? ልጅቷ መቀነስ ታውቃለች። እሷ የምታውቀው ከዕቃው ዋጋ ተነስቶ እስከ ኖቱ ድረስ እየደመሩ መውጣትን ነው። ውጤቱም ትክክል ነው። የማላውቀው እኔ ነበርኩ፤ ያውም ሳልጠይቃት ፈረድኩባት። እንዲህ በአንድ «ተቀመጪ» ስንት ልጅ ሒሳብ አይገባኝም ብሎ ይቀር ይሆን?

አንዳንዱ ጓደኛ «ታዲያ ልጆች ትምህርት ትተው ገበያ ይዋሉ ነው የምትለን?» ይለኝ ይሆናል። እንዲያ አላልኩም። ገበያ ብዙ ቢያስተምርም ሁሉን አያስተምርም። ትላልቅ ቁጥሮች ሲመጡ፣ ክፍልፋይና መቶኛ ሲመጣ ወረቀት ላይ መሥራት ግድ ነው። ለዚህም ነው ትምህርት ቤት ያስፈለገው። ነገር ግን ልጁ ከሚያውቀው ተነስተን ወደማያውቀው እንወስደዋለን እንጂ የሚያውቀውን ከበር ውጭ ጥለህ ግባ አንለውም። ከሚታወቀው ወደማይታወቀው የሚለውን እኮ ሁላችንም ለፈተና አጥንተነዋል!

ስለዚህ ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ ለልምምድ ከመውጣታችን በፊት እያንዳንዳችን አንድ የገበያ ቀን ደብተር ይዘን ሄርማታ እንዋል። ዋጋውን፣ ልኩን፣ መልስ አሰጣጡን እንጻፍ፤ የሒሳብ ጥያቄያችንን ከዚያ እናውጣ። ጣሳና መደብ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ናቸው፤ ወጪም የላቸውም። ነገ የምንመደብበት የገጠር ቀበሌም የራሱ ገበያ አያጣም። ሁለተኛ፣ የተከበሩ መምህሮቻችን ይህን የገበያ ውሎ እንደ ትምህርት ዕቅድ ዝግጅት ቆጥረው ቢያርሙልን መልካም ነው።

እኔ በበኩሌ በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ክፍል እመለሳለሁ። ልጅቷን ፈቃደኛ ከሆነች ሰሌዳ ፊት አቆማትና ለኔ መልስ የሰጠችበትን መንገድ ለክፍሉ እንድታሳይ እጠይቃታለሁ። ከዚያ መበደርን አብረን እንማራለን። ያን ዕለት ልጆቹ ሲስቁባት ዝም ማለቴ ጥፋት እንደነበረም በክፍሉ ፊት እነግራታለሁ።