ከል ለብሳ ሳቀች

ወሬው ከማንኩሳ ወዲያ ካለችው ቀበሌያችን ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ የደረሰው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ገበያ ነው። ያመጣችው የአገሬ ሴት ክፋት አልነበረባትም። ዶሮዎቿን ሸጣ፣ ጨውና ሳሙናዋን ሸክፋ ወደ መናኸሪያ ስትጣደፍ አገኘችኝ። ከብቱም ሰዉም ደኅና መሆኑን ነግራኝ ስታበቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና «እናትህ ከል እንደ ለበሰች ስትስቅ ተሰማች አሉ፤ ምን ነካት? ምከራት እንጂ!» አለችኝ። አባቴ ከሞተ ሰማንያው ገና አልወጣም ነበር።

ነገሩን አገር ቤት ስሄድ ከእኅቴ ሰማሁት። የእኅቴ ልጅ ያኔ የአራት ዓመት ሕፃን ናት፤ ክረምቱን ያሳለፈችው ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ፣ ሴቶቹ ደረት ሲመቱ፣ ወንዶቹ የአባቴን ደግነት እየጠሩ ሲያለቅሱ ሁሉንም ከእናቷ ጀርባ ሆና አይታለች። አንድ ቀን ጭልፊት ከግቢው አንዲት ጫጩት ነጥቃ ሄደች። ልጅቱ ያገኘችውን ጨርቅ ወገቧ ላይ አሰረች፤ ምሰሶው ሥር ቆመች፤ ከዚያ ደረቷን በሁለት እጇ እየደቃች «አንቺ ጫጩት፣ አንቺ የቤታችን ዋልታ፣ ለማን ጥለሽን ሄድሽ!» እያለች ታወርደው ጀመር። መሀል ላይ ቆም አለችና ወደ አያቷ ዞራ፣ ተቀባይ እንዳጣች አልቃሽ ተቆጥታ፣ «ተቀበዪኝ እንጂ!» አለቻት።

እናቴ እስከዚያ ችላው ነበር። «ተቀበዪኝ» ስትላት ግን አቃታት። ቡና የምትወቅጥበትን ዘነዘና ለቀቀችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኅቴ እንደምትለው ሳቁ ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ለቅሶውም ተመልሶ ሳቅ ሆነ። በአጥሩ በኩል ታልፍ የነበረችው ጎረቤት የሰማችው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

እናቴን አልመከርኳትም። ለመሆኑ ሀዘንተኛ መቼ ነው የሚስቀው? ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፤ ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ቀኖች የሠራቻቸው ለሟች ነፍስ ጸሎት ነው። እኛ የቋሚ ጥርስ መቁጠሪያ አደረግናቸው። ፍርዱም እኩል አይደለም። ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ «ቤት እንዴት ያለ ሴት ይሆናል?» ተብሎ ይታሰብለታል፤ ዘመድ ሴት ያፈላልግለታል። ባሏ የሞተባት ሴት ግን ነጠላዋን እስከ መቼ እንዳዘቀዘቀች፣ ጸጉሯን በስንተኛው ወር እንደ ተሠራች፣ ገበያ ከማን ጋር እንደ ወጣች ይመዘገብባታል። ሰርግ ቤት ከታየችማ ጉድ ፈላ።

እንዲህ ስል የአገሬን የለቅሶ ወግ ለማቃለል አይደለም። ወጉ ባይኖር እኛም አንቆምም ነበር። አባቴ የሞተው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ምዕራብ ጎጃምን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። በቆሎው ጉልበት ደርሷል። ሽልሻሎው ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም፤ ዩሪያውም በጊዜው ካልገባ በኋላ ቢበትኑት ከንቱ ነው። የጤፉ ማሳ ለሐምሌ ዘር ደጋግሞ መታረስ አለበት። በእኛ አገር ደግሞ ሴት ታርማለች፣ ትኮተኩታለች፣ ታጭዳለች፣ በርበሬ ትለቅማለች፣ እርፍ ግን አትጨብጥም። ስለዚህ በሰኔ አራሽ የሞተበት ቤት ሟቹን ብቻ ሳይሆን የዓመቱንም እህል አብሮ ሊቀብር ይችላል።

ሰልስቱ ባለፈ ማግስት የእድሩ ሰዎች በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡ። ኑልን ያላቸው የለም። አንዱ ጎረቤታችን የአባቴን ጥማድ ጠመደ። ዳማው በሬ ከቦዩ መሀል ደርሶ ቆመ፤ ቢሉት ቢሠሩት አልንቀሳቀስ አለ። ሰውየው ጅራፉን አነሣ፤ ከዚያ ምን እንደ ታሰበው እንጃ፣ ጅራፉን አወረደና ልክ አባቴ እንደሚለው «ና ዳሞ፣ ና ወንድምዬ» አለው። በሬው ሄደ። በዚያ ሰሞን የማጽናኛ ቃል እንደ ጉድ ዘንቦብኛል፤ ዛሬ አንዱም ትዝ አይለኝም፤ «ና ዳሞ» ግን ትዝ ይለኛል።

ደግሞ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የማያውቀውን አባት ማወቅም አለ። ከፈጣም ወንዝ ማዶ አንድ ገበሬ አባቴ በክፉ ቀን ያበደረውን ነው ብሎ የዘር በቆሎ በአህያ ጭኖ መጣ። ስለ ብድሩ ከእኛ መካከል የሚያውቅ አልነበረም። ምስክር የለ፣ ወረቀት የለ፤ ዝም ቢል ዝም ይባል ነበር። እናቴ በቆሎውን ተቀብላ ጎተራ ስታስገባ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ስትሄድ አየኋት።

ከዚያ እድሩ ድንኳኑን ጠቀለለ፤ ብረት ድስቱንና አግዳሚውን ቆጥሮ ወሰደ። ሩቅ አገር ያለው ዘመድ ተሳፈረ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እናቴን ከዚህ በኋላ ያቆማት ሥራ ነው። ላሟ አባቴ ሲሞት እርጉዝ ነበረች፤ በነሐሴ ወለደች። ላም ከል አይገባትም፤ ግቷ ሲሞላ ትጮኻለች። ዓይኗን ሳትከድን ባደረችበት ጧት እንኳ እናቴ ተነሥታ፣ ጥጃውን አስጠብታ፣ ጭራውን እየወዘወዘ ሲታገላት ጎትታ አስራ፣ ማለብ ነበረባት። ማስጠባቱን ለልጅ ማስተላለፍ ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። ፍልሰታ ሲፈታ እንገሩን አፍልታ የጎረቤት ልጆችን ጠርታ አበላች። ያን ቀን ስልክ ደውዬ «እንዴት ዋልሽ እማ?» ስላት «ተመስገን፣ ልጆቹ እንገሩን ጠረጉት» አለችኝ። ሌላ ጊዜ «ተመስገን፣ ማታ ትንሽ አሸለበኝ» አለች። መስከረም ላይ ደግሞ «ተመስገን፣ እሸቱ ደረሰ፤ አባትህ የዘራውን እበላለሁ ብዬ አልነበረም» አለችና ዝም አለች።

ልብ በሉ፤ ባሏ መሞቱን አላመሰገነችም። «ለበጎ ነው» ሲሏት አንድም ቀን «አዎ» ስትል አልሰማኋትም። ያመሰገነችው ስለ እንገሩ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ እሸቱ ነው። ከዚያ ያለፈ ምስጋና ያን ዓመት አልነበራትም፤ ማንም ሊጠይቃት አይገባም ነበር።

እሸቱ በደረሰ ጊዜ ሁላችንም ተሰባሰብን። ምድጃውን ከበን እየጠበስን ስንበላ ወንድሜ የአባታችንን ሬዲዮ አነሣ። አባቴ ዜና ሲሰማ ቤቱ ውስጥ ትንፍሽ አይባልም፤ ሕፃን ቢያለቅስ ወደ ውጭ ይወጣል። ዜናው ሲያልቅ «ምን አሉ?» ብለን ስንጠይቀው ግን፣ ሁልጊዜ፣ «እንጃ እኔማ» ነው መልሱ። ወንድሜ በአባቴ ድምፅ «እንጃ እኔማ» ሲል ሁላችንም ፈነዳን። ለቅሶ ላይ አባታችን ጀግና፣ ደግ፣ የድኻ ሰብሳቢ ነበር። እውነት ነው፣ ነበር። እኛ የናፈቀን ግን ዜና ሰምቶ የማይገባው ሰውዬ ነው፤ እሱን ሙሾ አታነሣውም። የእኔ ቤተሰብ ማገገም የጀመረው ከዚያ ማታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ «ተመስገን በይ፣ ከዚህ የባሰ አለ» የሚል አጽናኝ ሲያጋጥመኝ ደስ አይለኝም። ምስጋና በትእዛዝ አይመጣም። ማንኩሳን ካነሣሁ አይቀር፣ ሀዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ያስወለዱት እዚሁ ነው። ወላጆቹ ቦጋለና ውድነሽ ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ሰግተው፣ ከተረፈልን ዕድሜውን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ያገልግል ብለው ተሳሉ። ልጁ ተረፈ። አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ግን ያ ስለት መጥቶ አንቆ ያዘው። ወላጆቹ ክፉ አልነበሩም፤ የያዛቸው ፍርሃት ነው። ግን የእነሱን ምስጋና ሌላ ሰው እንዲከፍል አደረጉ። ሀዘንተኛዋን «አመስግኚ» ብለን ስናስጨንቅም ብዙ ጊዜ የምናረጋጋው የራሳችንን ፍርሃት ነው።

ከአባቴ ሞት በኋላ አገሩ ብዙ አየ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ በወቅቱ ለዜና ወኪል ተናግረዋል። በዚያ ነሐሴ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መንገድም ሲከፈት ሲዘጋ ቆየ። መርዶ ዘግይቶ የደረሳቸው፣ ለቀብር ያልደረሱ፣ አርባውን በሹክሹክታ ያሳለፉ ቤቶች አሉ። እኛ አባታችንን አጥበን፣ ገንዘን፣ አስፈትተን፣ በወጉ አልቅሰን ቀበርነው። ለእነዚያ ቤቶች ስለ ምስጋና የምናገርበት አፍ የለኝም። በቅድሚያ እርማቸውን ማውጣት ይገባቸዋል፤ ድንኳን ተክሎ፣ አልቃሽ ጠርቶ፣ ዓመት ቢያልፈውም።

ወደ እናቴ ሳቅ ልመለስ። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ በኔዘርላንድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናታዊ ጽሑፍ ሀዘንተኛ ሰው በሁለት ነገር መካከል ሲመላለስ እንደሚኖር አስረድተዋል። አንዴ ወደ ሞተው ይዞራል፣ ያስታውሳል፣ ያለቅሳል። አንዴ ደግሞ ፊቱን ወደ ተረፈው ኑሮ ይመልሳል፤ አዲስ ሥራ ይለምዳል፣ ከሀዘኑ ትንሽ ያርፋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ምልልሱም የማገገሙ አካል ነው። ያች ጎረቤታችን ጥቂት ቆም ብላ ብታዳምጥ ይህንኑ በነጻ ትማረው ነበር።

ምልልሱ የሚቆምበት ሰውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በአዲሱ የበሽታዎች ምደባው የተራዘመ ሀዘንን በሕመምነት መዝግቧል፤ ናፍቆቱና ሥቃዩ ከ6 ወር በላይ ሳይበርድ የቆየበትን፣ በዚህም ሳቢያ የዕለት ኑሮውን መምራት ያቃተውን ሰው ይመለከታል። መለኪያው የሰውየውን ባህልና ሃይማኖት ከግምት ማስገባት እንዳለበትም ይገልጻል። እንዲህ ያለውን ሰው «ሀዘን ነው፣ ያልፍለታል» ብሎ መተው ጭካኔ ነው። ጠበልም ይሂድ፣ ሐኪምም ይየው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ስለ ተዝካር ካልተናገርኩ ግን አንባቢዬ ይታዘበኛል። አርባው ሲቃረብ «ስሙ እንዳይወድቅ» ብለው ዳማውን በሬ እንድንሸጥ የመከሩን ዘመዶች ነበሩ። እናቴ «በሬውን ከሸጥኩት ማን ያርስልኛል? ነፍሱን በቄስ አሳስበዋለሁ» ብላ ቁርጡን ነገረቻቸው። ቅዳሴው ተቀደሰ፣ ፍትሐቱ ተፈታ፤ ካህናቱና ነዳያኑ የበሉት ዳቦና የጠጡት ጠላ ከጓዳዋ አላለፈም። ጥቂት ሰው አማት። በሬው ግን በሚቀጥለው ሰኔ ማሳ ላይ ነበር። ብዙ ቤት ይህን ማለት አይችልም፤ ለአንድ ቀን ድግስ ጥማዱን ሸጦ፣ ከርሞ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ፣ ከገዛ ማሳው ግማሽ ምርት የሚቀበል ቤተሰብ በየቀበሌው አለ። ሟቹ ይህን የሚወድ አይመስለኝም።

ለእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች አንድ ልመና አለኝ። እድሮቻችን ለሚሰበረው አግዳሚ፣ ለሚጠፋው ድስት፣ ከቀብር ለሚቀረው አባል ቅጣት ደንግገዋል። አራሽ ለሞተበት ቤት መሥራት ግን በሰዉ ደግነት ላይ የተጣለ ነገር ነው፤ ደግ ጎረቤት ያለው ይታረስለታል፣ የሌለው ጦሙን ያድራል። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይያዝልን፤ ለሀዘንተኛ ቤት የመጀመሪያውን ዓመት እርሻ አባላት በወንፈል ተራ ያርሱ፣ የተዝካር ወጪም ጣሪያ ይበጅለት፤ ሁለቱም በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ይጻፉ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።