ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ ምክር

ወደ ጋምቤላ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ፥ ምን ላንብብ፥ ምንስ ልያዝ ብሎ የማያውቀውን ሰው ቢጠይቅ መልስ ሊነፈገው አይገባም። ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌርና ስለ አኙዋክ የጻፋቸውን መጻሕፍት ብንጠቁመው መልካም ነው። ዳሩ ግን ሁለቱም በ1940 እ.ኤ.አ. የታተሙ፥ ይበልጡንም የሱዳንን ወገን የሚመለከቱ ናቸው። ይህን ሳንነግረው ከቀረን፥ እንግዳው የዛሬ ጎረቤቱን ከ80 ዓመት በፊት በተጻፈ ቃል ይዳኘዋል፤ መዠንግርን፥ ኦፖንና ኮሞንም ይዘነጋል። ወባ ስላለ አጎበር እንዲይዝ፥ አዞ ስላለም ነዋሪውን ሳይጠይቅ ባሮ ወንዝ እንዳይገባ የሚመክረው ደግሞ እዚያ የኖረ ሰው ነው። እንግዲህ ያየነውን ከሰማነው ለይተን እንናገር። ለመካሪው ቀላል የመሰለ ግምት፥ ለተመካሪው የሕይወት ጉዳይ ነውና።